ለሦስት ቀን ሄዶ ለአምስት ቀን መዘጋጀት፦ በቶንጋስ ደን፣ ሐይቅ ዳር ጎጆ ውስጥ ለማደር

ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ውስጥ ያለው ቶንጋስ የአሜሪካ ትልቁ ብሔራዊ ደን ነው። ስፋቱ ወደ 68,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ምን አለው ብትሉኝ ደሴት፣ ጥልቅ የባሕር ሸለቆ፣ ረጃጅም ዛፍ እና ዝናብ እላለሁ። ዝናቡን ከዛፉ እኩል የጠራሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ያለችው የኬቺካን ከተማ በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች።

በዚህ ደን ውስጥ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ለሕዝብ የሚያከራያቸው ከ100 በላይ ጎጆዎች ተበታትነዋል። ጥቂቶቹ ዘንድ በእግር ይደረሳል። አብዛኞቹ ዘንድ ግን መድረሻው ጀልባ ወይም ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ ሐይቅ ዳሮቹ ነው። አውሮፕላኗ ታወርዳችኋለች፣ ትዞራለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ ማንም የለም።

ጎጆ ስላችሁ ሎጅ እንዳይመስላችሁ። መብራት የለም። ቧንቧ የለም። ፍራሽ የለም። ድስትም የለም። ያለው የጣውላ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ምድጃ እና ራቅ ብሎ የተሠራ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ስልክ ደግሞ ፎቶ ማንሻ ብቻ ይሆናል።

1. ከፎቶው በፊት ምድጃውን እዩ

ጎጆው የሚያዘው ሪክሪየሽን ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። ከምትሄዱበት ቀን 180 ቀን ቀደም ብሎ መያዝ ይቻላል። የጁላይ እና የኦገስት ቀኖች ቶሎ ያልቃሉ።

ሰው ሁሉ ሐይቁን በፎቶ አይቶ ይወስናል። እናንተ መጀመሪያ የምድጃውን ዓይነት አንብቡ። አንዳንዱ ጎጆ የእንጨት ምድጃ አለው፤ ሌላው በነዳጅ የሚሠራ። የነዳጅ ከሆነ ነዳጁን ገዝታችሁ የምታመጡት ራሳችሁ ናችሁ። ላምባ ወይም የጎጆው ገጽ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ግዙ። ቤንዚን ጨርሶ አይጨመርበትም፤ እሳቱ ከምድጃው ወጥቶ ቤቱን ይይዛል። የእንጨት ምድጃ ከሆነ ደግሞ ፍልጥ ተከምሮ ይጠብቀኛል ብላችሁ አትተማመኑ። መጋዝ እና መጥረቢያ ያዙ።

ቀጥላችሁ ጀልባ መኖሩን አረጋግጡ። ብዙ የሐይቅ ጎጆዎች መቅዘፊያ ያላት ትንሽ ጀልባ አላቸው። ጀልባ ከሌለ ደኑ ጥቅጥቅ ስለሆነ ከበሩ ብዙም አትርቁም።

የሐይቁን ከፍታም ተመልከቱ። ተራራ ላይ ያሉት ሐይቆች እስከ ጁን በረዶ ሊይዙ ይችላሉ። በረዶ የያዘ ሐይቅ ላይ ደግሞ አውሮፕላኗ አታርፍም። በአጠቃላይ ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለው ጊዜ ከሌላው ጊዜ ሻል ያለ ደረቅ ነው። ኦክቶበር ዝናቡ የሚብስበት ነው። ጁን ላይ ጁኖ ከተማ ውስጥ የቀኑ ብርሃን 18 ሰዓት ያህል ይቆያል። ዲሴምበር መጨረሻ አካባቢ ከ6 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ጁንን ይምረጥ ባይ ነኝ። ጭለማ እና ርጥብ ማገዶ አንድ ላይ ሲመጡ ቀላል አይደለም።

2. ከአብራሪው ጋር ቁርጡን ተነጋገሩ

ብዙ ጊዜ የምትሳፈሩት ቢቨር በተባለችው አውሮፕላን ነው። መጀመሪያ የበረረችው በ1947 ነው፤ መመረት ያቆመችውም በ1960ዎቹ። ዕድሜዋን ስሰማ ሆዴ ተላውሶ ነበር። አሁን ግን ድምፅዋን ከሁሉም አስቀድሜ እለያለሁ።

ከጎጆው ኪራይ ይልቅ ኪስ የሚያራቁተው የአውሮፕላኑ ዋጋ ነው። የሚከፈለው ለመሄጃም ለመመለሻም ስለሆነ ከጓደኛ ጋር መካፈል ይበጃል። ዕቃችሁ ይመዘናል፤ እናንተም ትመዘናላችሁ። ስለ ኪሎ መዋሸት የሚያምረው ሰው እዚህ ላይ ይታገሥ። ዕቃ በጠንካራ ሻንጣ አይያዝ። ለስላሳ ቦርሳ የአውሮፕላኗ ጅራት ድረስ ይጎሰጎሳል።

ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ይኑር፦ የሐይቁ ስም፣ የጎጆው ስም፣ የመመለሻው ቀን እና ሰዓት። አንዳንድ ሐይቅ ላይ ከአንድ በላይ ጎጆ አለ። አድሚራልቲ ደሴት ላይ ያለውን ሃሰልቦርግ ሐይቅ ብትወስዱ፣ "ሃሰልቦርግ አውርዱኝ" ማለት ብቻውን አይበቃም። ይኸው ወረቀት አንድ ቅጂ ከተማ ወይም ቤት ለሚቀር ሰው ይሰጥ። ያ ሰው ደግሞ መቼ መጨነቅ እንዳለበት ይወቅ፤ አንድ ቀን ማርፈድ እዚያ አገር ተራ ነገር ነው።

3. ሸክሙን አደላድሉ

ለሦስት ቀን የምትሄዱ ከሆነ የአምስት ቀን ምግብ ያዙ። ይህን ምክር የሰማሁት ከመሄዴ በፊት ነው፤ የገባኝ ከሄድኩ በኋላ። ጉም ተራራውን ከሸፈነ አብራሪው አይነሳም፤ መነሳትም የለበትም። ትርፉ ምግብ ጣፋጭ መሆን የለበትም። ሩዝ፣ አጃ፣ ምስር፣ ኦቾሎኒ ይበቃል። እንዲያውም በጣም የምትወዱትን አትያዙ፤ በመጀመሪያው ምሽት ታልቃለች።

ልብስ ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ጥጥ አይገባም። ጂንስ አንዴ ከራሰ ሰውነታችሁ ላይ ይቀዘቅዛል እንጂ አይደርቅም። ሱፍ ቢርስም ያሞቃል። ሙሉ የዝናብ ልብስ፣ ሱሪውን ጨምሮ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦቲ እና አንድ ሙሉ ቅያሬ ያዙ። ቅያሬው ውሃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። እሱ ከጎጆው አይወጣም፤ ማታ ብቻ ይለበሳል። ውጭ ያለው ዝናብ ምንም ቢሆን፣ ደረቅ ካልሲ እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው አይበሳጭም።

ለመኝታ ወፍራም ምንጣፍ እና የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ከረጢቱ ርጥበት የማይጎዳው ሰው ሠራሽ ሙሌት ቢኖረው ጥሩ ነው። የወፍ ላባው ቀለል ይላል፤ ከራሰ ግን ዋጋ የለውም። በተረፈ ድስት፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ የግንባር ባትሪ፣ ረዘም ያለ ገመድ፣ ሸራ፣ የሽንት ቤት ወረቀት፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ። ክብሪት እና ላይተር በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይያዙ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም ጨምሩ፤ ከአንድ ብርቱካን ብዙ አይከብድም። በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ደግሞ ለምኖም ተበድሮም መያዝ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። የድብ መከላከያ ስፕሬይ እና የጋዝ ምድጃ ነዳጅ በመደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን አይጫኑም፤ በሻንጣም ቢሆን። ኬቺካን ወይም ጁኖ ስትደርሱ ግዟቸው። በትንሿ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ደግሞ ስፕሬይ መያዛችሁን ለአብራሪው ተናገሩ። ከመንሳፈፊያው ውስጥ ባለው ሣጥን ያስቀምጠዋል። አየር ላይ ሆኖ ውስጥ ቢፈነዳ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

4. አውሮፕላኗ ከመሄዷ በፊት

ዕቃ አውርዳችሁ ወዲያው እጅ አታውለብልቡ። አንዳችሁ ሮጥ ብላችሁ ጎጆውን እዩ። በሩ ይከፈታል? ምድጃው አለ? የጭስ ማውጫው ቧንቧ ቆሟል? ጀልባዋ እና መቅዘፊያዎቹ አሉ? አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አብራሪው ይህን ጥያቄ ለምዶታል፤ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የሚገኘውን የእንግዶች መዝገብ አንብቡ። ከእናንተ በፊት የነበሩ ሰዎች የጻፉት ነው። ጣሪያው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ አይጧ በየት እንደምትገባ፣ ዓሣው በየትኛው ዳር እንደሚገኝ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ግጥምም ይጽፋል። ግጥሙን ለማታ አቆዩት።

5. እሳቱ

ሌላው ሁሉ ጣጣ ቀላል ነው። ዋናው ሥራ እሳት ነው። የመጀመሪያው ቀን እኔ ከቤቱ አጠገብ ያገኘሁትን ዝንጣፊ ሰብስቤ ምድጃው ውስጥ ጠቀጠቅኩ። ክብሪት በክብሪት ላይ ጨረስኩ። ጎጆው በጭስ ታፈነ፣ ዓይኔ አለቀሰ፣ እሳት ግን የለም። መሬት ላይ የወደቀ ቀጭን እንጨት እዚያ አገር ስፖንጅ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚወሰደው የሞተና የወደቀ ዛፍ ብቻ ነው፤ የቆመ ዛፍ አይቆረጥም። የምትፈልጉት ከመሬት ከፍ ብሎ ሌላ ግንድ ላይ የተጋደመ፣ ክንድ የሚያህል ወይም ወፈር ያለ እንጨት ነው። በመጋዝ አጫጭር አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ በመጥረቢያ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ፍለጡት። ዝናቡ የሚያርሰው ውጭውን ነው፤ ልቡ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ጭራሮ የሚሠራው ከዚህ ልብ ነው። እርሳስ እስኪያህል አቅጥኑት። ጥቂቶቹን ደግሞ በቢላ እየላጋችሁ ፍቅፋቂውን ሳትቆርጡ ጫፉ ላይ ተዉት፤ እንደ ላባ ይንጨባረራል። በአንድ ክብሪት ይያያዛል።

ሴዳር የተባለው ዛፍ ካገኛችሁ እድለኞች ናችሁ። ዘይት ስላለው ቶሎ ይያያዛል፤ ሲፈለጥም ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ስፕሩስ የተባለው ዛፍ ላይ የደረቀ ሙጫ ካያችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ያዙ። ጭሱ ያጠቁራል እንጂ እሳት ለማስነሳት እንደ እሱ ያለ የለም።

ምድጃውን ስትለኩሱ የአየር ማስገቢያውን እና የቧንቧውን መዝጊያ ክፈቱ። በትንሽ እሳት ጀምሩ። ቧንቧው ሲሞቅ ጭሱን ይስባል፤ ከዚያ ፍልጡን ጨምሩ። መስኮት ሁልጊዜ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይሁን፣ ብርድ ቢሆንም። የማይሸት የማይታይ ጋዝ ነው የሚገድለው፤ ማስጠንቀቂያውን ያስያዝኳችሁም ለዚህ ነው። አመድ ስታወጡ በብረት ባልዲ ይሁን። ፍም የተደበቀበትን አመድ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ ሽንት ቤቱን ማቃጠል ይቻላል።

ልብስ ለማድረቅ ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ገመድ ዘርጉ። ቧንቧው ላይ ካልሲ መስቀል አንድ ካልሲ ያሳጣል፤ አንዳንዴም ቤት።

ነገ ለሚያስፈልገው ማገዶ ዛሬ ማታ ወደ ውስጥ ይግባ። ጠዋት ርጥብ እንጨት ይዞ መጀመር ከዜሮ መጀመር ነው።

6. ውሃ

ሐይቁ መስተዋት ቢመስልም ጂያርዲያ የተባለው ሆድ የሚያውክ ጥገኛ ተሕዋስ አይታይም። አንድ ደቂቃ ሙሉ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ፣ አለዚያም በማጣሪያ ይለፍ። ዕቃ ያጠባችሁበትን ውሃ ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ ድፉ።

7. ጀልባዋ

ጀልባዋ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ልበሱ። ጎጆው ውስጥ ስለማይኖር ከከተማ ይዛችሁ ሂዱ። ለብሳችሁ እንጂ ከሥር አስቀምጣችሁ አይደለም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚነገር ስሌት አለ፦ 1፣ 10፣ 1። ትንፋሽ ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ። እጅና እግር ለመታዘዝ 10 ደቂቃ ያህል። ራስ እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት። ጃኬት ከሌለ ግን ሦስተኛው ቁጥር ላይ አይደረስም። ዳር ዳሩን ቅዘፉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሊነሳ ስለሚችል ወደ ማዶ የሚወስድ ጉዞ ጠዋት ይሁን።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ሁለተኛው ማታ ጀልባዋን ከውሃው ሁለት እርምጃ ያህል ጎትቼ ትቻት ተኛሁ። ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሐይቁ ደረጃው አጠገብ ደርሷል፤ ጀልባዋ ማዶ ናት። እዚያ ያለ ሐይቅ በአንድ ሌሊት ይሞላል። ጀልባዋን የመለሳት ነፋስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ስለዚህ ወደ ላይ፣ እስከ ዛፉ ድረስ ጎትቷት። ገልብጧት። በገመድ እሰሯት። ካልገለበጣችኋት ዝናብ ይሞላታል፤ ውሃውን የምትቀዱበት ጣሳም ያዙ።

ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ፦ ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ ከአላስካ ውጭ የመጣ ሰው የአላስካ ዓሣና አደን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከተማ ሳላችሁ አውጡት።

8. ድቡ

ድብ ያለበት ቦታ ነው የምትሄዱት። የትኛው ድብ የሚለው በደሴቱ ይወሰናል። አድሚራልቲ፣ ባራኖፍ እና ቺቻጎፍ ደሴቶች ላይ ያለው ቡናማው ድብ ነው። ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ ደሴት ላይ ጥቁሩ። ዋናው ምድር ላይ ሁለቱም አሉ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ ትሊንጊቶች አድሚራልቲን ኩትዝኑዉ ይሉታል፤ የድቦች ምሽግ እንደ ማለት ነው። ደሴቱ ላይ 1,600 ያህል ድብ እንዳለ ይገመታል፤ ሰው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። እንግዳው ማን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

ድብ ሰው ፍለጋ አይመጣም። የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው። ምግብ፣ ቆሻሻ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ጎጆው ውስጥ ይግባ፤ በረንዳ ላይ ምንም አይደር። ዓሣ ካጸዳችሁ ሆድ ዕቃውን ቆራርጣችሁ ከጎጆው ርቆ ጥልቁ ውሃ ውስጥ ጣሉት። እጃችሁን የጠረጋችሁበት ሱሪም ይታጠብ።

መንገድ ስትሄዱ አውሩ፣ ዝፈኑ፣ አጨብጭቡ። ዝናቡና ጅረቱ ስለሚጮኹ ድቡ ላይሰማችሁ ይችላል። ከሁሉ የከፋው ድንገት አፍንጫ ለአፍንጫ መገናኘት ነው። ሳልሞን የተባለው ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ጊዜ፣ በተለይ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር፣ የጅረት ዳር የድቦቹ ገበታ ነው፤ በሌላ በኩል ዙሩ። ስፕሬዩ ወገብ ላይ እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይሁን።

ካገኛችሁት አትሩጡ። ቁሙ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ተናገሩ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ራቁ። እየሮጠ ከመጣ 8 ሜትር ያህል ሲቀርብ ስፕሬዩን ልቀቁ። ቡናማው ድብ ከነካችሁ በሆድ ተኝታችሁ እጃችሁን ማጅራታችሁ ላይ አድርጉና ሞታችሁ ምሰሉ። ጥቁሩ ከሆነ ግን አትተኙ፤ ባገኛችሁት ነገር ተዋጉ።

እውነቱን ለመናገር ከድብ ይልቅ በየቀኑ ያማረረኝ ዴቭልስ ክለብ የሚባል ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ ሰፊና የሚያምር ነው። ግንዱ እና የቅጠሉ ሥር ግን እሾህ ብቻ ነው፤ ሲንሸራተቱ የሚያዘው ደግሞ ሁልጊዜ እሱ ነው። ጓንት ያዙ፤ ለእሾሁ ማውጫ ወረንጦ አትርሱ።

9. አውሮፕላኗ ስትቀር

የመመለሻው ቀን ደርሷል። ቦርሳው ታስሯል። ጉሙ ግን ዛፉ አናት ላይ ተቀምጧል። ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ማዶ ያለውን ተራራ እዩ። እሱ ካልታየ አብራሪውም አያየውም። ቦርሳውን ፍቱ፣ እሳቱን መልሱ፣ ሻይ ጣዱ። የሳተላይት መሣሪያ ካለ የሐይቁን ሁኔታ ላኩ፦ የማዶው ዳር ይታያል? ነፋሱ እንዴት ነው? አብራሪዎች ይህን መረጃ ይወዱታል።

ቀጥሎ ምግቡን ቁጠሩ። በሁለት ቀን አካፍሉት። ማገዶ ጨምሩ። ከሁሉ በላይ ግን በእግር ልውጣ አትበሉ። ጎጆው ደሴት ላይ ነው ወይም ጥቅጥቅ ደን መሃል፤ የሚያወጣ መንገድ የለም። የሚፈልጋችሁ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ጎጆው ነው።

"የኪራይ ቀኔ አልቋል፣ ተረኛው ቢመጣስ?" ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። ተረኛውም የሚመጣው በዚያው ሰማይ ነው። እናንተን የማታወጣ አውሮፕላን እሱንም አታመጣውም።

ዕቃ የተፈታ ይሁን እንጂ ሩቅ አትሂዱ። ጉሙ ለአንድ ሰዓት ሊገለጥና አውሮፕላኗ በዚያች ሰዓት ልትመጣ ትችላለች። ድምፅዋ ከመታየቷ በፊት ይሰማል።

10. ስትወጡ

ጎጆውን ጥረጉ። ያመጣችሁትን ቆሻሻ ሁሉ ይዛችሁ ውጡ፤ ሽንት ቤት ውስጥ አይጣልም። እሳቱ መጥፋቱን በእጅ ዳብሳችሁ እወቁ። ከምድጃው አጠገብ፣ ሳይጠጋ፣ አንድ እቅፍ ደረቅ ጭራሮና ፍልጥ ተዉ። መዝገቡ ላይ ያገኛችሁትን ጻፉ፤ ጣሪያው አዲስ ቦታ ማፍሰስ ከጀመረ በተለይ።

አውሮፕላኗ ስትጠጋ ፊት ለፊቷ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ከዳር አትንቀሳቀሱ። አብራሪው ሲጠራችሁ ከኋላ በኩል ቅረቡ። ተረኞቹ በዚያው ከመጡ ዕቃቸውን በማውረድ አግዟቸው። ጭራሮው የት እንዳለ አሳዩአቸው። ጀልባዋንም እስከ ዛፉ ድረስ እንዲጎትቷት ንገሯቸው።